በሩን ዘግቶ የሚጠብቅ ሕፃን
የባሕር ውሃ ጨው ሲለዋወጥ ትንሹ ኦይስተር እንዴት ይኖራል?

ልጆቻችሁ በበጋ ወራት ከአሽዶድ ወይም ከናታንያ ባሕር ዳር ሲመለሱ ኪሳቸውን ብትፈትሹ ከአሸዋው ጋር አንድ ሁለት ዛጎል አታጡም። እነርሱ በዕብራይስጥ ጽዳፊም ይሏቸዋል። ዛጎሎቹ በመስኮት ደፍ ላይ ተደርድረው ይሰነብቱና ቤት ሲጸዳ ይጣላሉ። በእጃችሁ የያዛችሁት ዛጎል ግን ባለቤቱ የለቀቀው ባዶ ቤት ነው። ባለቤቱ በሕይወት ሳለ በሁለት ክዳን መካከል ተሸሽጎ የሚኖር፣ አጥንት የሌለው፣ ልብና ጡንቻ ያለው ለስላሳ እንስሳ ነበር።

ከእነዚህ ባለ ሁለት ክዳን እንስሳት አንዱ ኦይስተር ይባላል። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ እንስሳ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የተከለከለ በመሆኑ በቤታችሁ ማዕድ ላይ አይቀርብም። አኗኗሩን ማወቅ ግን አልተከለከለም።

ኦይስተር በሕፃንነቱ አንድ ጊዜ ከድንጋይ ወይም ከሌላ ዛጎል ላይ ከተጣበቀ እስኪሞት ድረስ ከቦታው አይነቃነቅም። ታዲያ በዙሪያው ያለው ውሃ ዛሬ ጨው የበዛበት ሆኖ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የወንዝ ውሃ ሲሆንበት ምን ያደርጋል? ዓሣ ቢሆን ዋኝቶ ይሄዳል። ሰው ቢሆን ዕቃውን ጠቅልሎ አገር ይለውጣል። ኦይስተር ግን ባለበት ሆኖ መቋቋም አለበት። ይህ የሳይንቲስቶች ጥያቄ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2019 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ጠረፍ ብዙ ቤተሰቦች እንጀራቸውን ያጡት ኦይስተሩ መቋቋም ከሚችለው በላይ ስለሆነበት ነው። ወደዚያ ታሪክ ከመድረሳችን በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ እንመልከት።

የጨዉ ልክ

ከኪኔሬት ሐይቅ አንድ ሊትር ውሃ ቀድታችሁ ተንኖ እስኪያልቅ ብታፈሉት፣ ከድስቱ ሥር የሚቀረው ጨው አንድ ግራም አይሞላም። ከውቅያኖስ ብትቀዱ ወደ 35 ግራም፣ ከቴል አቪቭ ጠረፍ ብትቀዱ ወደ 39 ግራም፣ ከኤላት ብትቀዱ ከ40 ግራም በላይ ታገኛላችሁ። ከሙት ባሕር የተቀዳ አንድ ሊትር ውሃ ከ300 ግራም በላይ ጨው ስለሚይዝ በዚያ ዓሣም ኦይስተርም መኖር አይችልም።

በጠረፋችን ያለው የሜዲትራኒያን ባሕር ጨዉ ዛሬ ከወር ወር ብዙም አይለዋወጥም። ቀድሞ ግን እንዲህ አልነበረም። በኢትዮጵያ ክረምት ሲገባ ከጣና የሚወጣው ዓባይ፣ ተከዜና ከጎንደር አካባቢ ወደ ሱዳን የሚወርዱት ወንዞች ሞልተው፣ በረሃውን አቋርጠው ግብፅ ላይ ወደ ባሕር ይገቡ ነበር። የባሕሩ ፍሰት ያንን ውሃ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን እየገፋ፣ በሲና ጠረፍ አድርጎ እስከ እስራኤልና እስከ ሊባኖስ ያደርሰው ስለነበር፣ የጎርፉ ወራት ሲመጣ የዚህ ባሕር ዳር ውሃ ጨዉ ይቀንስ ነበር። የአስዋን ታላቅ ግድብ በ1964 ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ያ የየዓመቱ ጎርፍ ቀረ። ከእናንተ መካከል ከዚያ በፊት በልጅነቱ በዓባይ ወይም በተከዜ ዳር ከብት ያገደ ካለ፣ በዓይኑ ፊት ሲያልፍ ያየው ደፍራሽ ውሃ ከፊሉ ወደዚህ ጠረፍ መንገድ ጀምሮ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ስፍራ ውሃው ጨው ብቻ አይደለም፤ የወንዝ ውሃ ብቻም አይደለም። ዝናብ ሲበዛ ወንዙ ባሕሩን ይገፋል፤ ድርቅ ሲሆን ባሕሩ ወደ ወንዙ አፍ ይገባል። በየቀኑም ባሕሩ ከፍና ዝቅ በሚልበት ሰዓት ጨዉ አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል። ኦይስተር መኖር የሚወደው እንዲህ ባለው ስፍራ ነው። ወንዙ ምግብ ያመጣለታል፤ ጨው የሚፈልጉ ጠላቶቹም ወደዚያ ለመጠጋት ይቸገራሉ።

ከካናዳ ጀምሮ እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ድረስ በአሜሪካ ምሥራቃዊና ደቡባዊ ጠረፍ የሚኖረው የኦይስተር ዓይነት በብዛት ስለተጠና፣ ከዚህ በኋላ የምንነግራችሁ ስለ እርሱ ነው። በሊትር ከ5 ግራም ያህል ጨው ጀምሮ እስከ 40 ግራም ባለው ውሃ ውስጥ ሊኖር ይችላል። በጣም የሚመቸው ግን ከ14 እስከ 28 ግራም ያለው ነው።

ከመዋኘት ወደ መጣበቅ

ውሃው ሲሞቅ እናቲቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንቁላሎችን ወደ ውሃው ትለቃለች፤ ወንዱም ዘሩን ይለቃል። ሁለቱ በውሃው ውስጥ ተገናኝተው ከሚፈጠሩት አብዛኞቹ የሌላ እንስሳ ምግብ ይሆናሉ። የተረፈው እጭ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያህል እየዋኘ ይኖራል። በዚህ ዕድሜው ጨዉ በሊትር ከ10 ግራም በታች ከወረደ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ አያድግም። ወላጆቹ የሚችሉትን ያህል እርሱ አይችልም።

ቁመቱ አንድ ሦስተኛ ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ማለትም ከአሸዋ ቅንጣት እምብዛም ሳይበልጥ፣ ትንሽ እግርና ብርሃን የሚለይ ነጥብ ያበቅላል። በእግሩ እየዳሰሰ ጠንካራ ነገር ይፈልጋል። ከሁሉም አስበልጦ የሚመርጠው የሌላ ኦይስተር ዛጎል ነው። ሲያገኝም ከገላው እንደ ሲሚንቶ የሚጠነክር ነገር አውጥቶ ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ እግሩም መዋኛውም ይጠፋሉ፤ በምትካቸው የሚተነፍስበትና ምግቡን ከውሃ የሚያጣራበት ስንጥብ ያድጋል። ይህ ለውጥ እስኪፈጸም ድረስ መመገብ ስለማይችል የሚኖረው በገላው ውስጥ ባጠራቀመው ስብ ነው። ለውጡን ጨርሶ ክዳኑን ሲከፍት ስንቁ ተሟጧል፤ መኖሪያውም ላይመለስ ተመርጧል። ውሃው ቢለዋወጥበት ከሁሉ የከፋው ጊዜ ይህ ነው።

በገላው ውስጥ የሚሆነው

ቲማቲምና ዱባ የመሰለውን ኪያር ከትፋችሁ ሰላጣ ስትሠሩ፣ ጨው ነስንሳችሁ ጥቂት ብትቆዩ ሳህኑ ሥር ውሃ ተጠራቅሞ ታገኛላችሁ። ያንን ውሃ ከአትክልቱ ያወጣው ጨዉ ነው። ሕግ አለው፦ ውሃ በስስ ሽፋን ሲያልፍ የሚሄደው የሟሟ ነገር ካነሰበት ወደ በዛበት ነው። የኦይስተርም ገላ የተሠራው ዓይን ከማያያቸው፣ በስስ ሽፋን ከተጠቀለሉ ሕዋሳት ነው። ውጪው ከውስጡ የበለጠ ጨዋማ ሲሆን ውሃ ከሕዋሱ ይወጣና ሕዋሱ ይጨማደዳል። ውጪው የወንዝ ውሃ ሲሆን ደግሞ ውሃ ወደ ሕዋሱ ይገባና ያሳብጠዋል። ከልክ በላይ ያበጠ ሕዋስ ሥራው ይታወካል፤ ሊፈነዳም ይችላል።

እኛ ሰዎች ከዚህ የሚጠብቀን ኩላሊት አለን። ሐኪም ቤት ተኝታችሁ የምታውቁ ከሆነ በክንዳችሁ በቀጭን ቱቦ የሚገባው የጨው ውሃ በሊትር 9 ግራም ጨው ያለው ነው፤ ከደማችን ጋር እንዲስማማ ታስቦ ነው እንዲህ የሚለካው። ሽሮው ጨው ቢበዛበትም ባይበዛበትም ኩላሊታችን የደማችንን ልክ ይጠብቃል። ዓሣም እንደዚሁ የራሱን ደም ልክ ይጠብቃል። ኦይስተር ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። ክዳኑ ክፍት እስከሆነ ድረስ የደሙ ጨው በዙሪያው ካለው ውሃ ጋር አብሮ ይወጣል፤ አብሮም ይወርዳል። ስለዚህ ያለው መከላከያ ሁለት ብቻ ነው።

አንደኛው መከላከያ፦ በር መዝጋት

የገላው ጠርዝ ላይ ያሉት ትንንሽ ዳሳሾች ውሃው መለወጡን እንዳወቁ ኦይስተሩ ክዳኑን ይገጥማል። ክዳኑን የሚስበው ጡንቻ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ፈጣን ነው፤ በቅጽበት ይዘጋል። ሁለተኛው ዘገምተኛ ሲሆን አንድ ጊዜ ከጨበጠ ብዙ ጉልበት ሳያወጣ ለረጅም ጊዜ ይዞ መቆየት ይችላል። በር ገፍቶ ከመዝጋትና መወርወሪያ ጥሎ ከመተው ጋር ይመሳሰላል። በውስጥ የቀረው ውሃ ከውጪው ይልቅ ጨዋማ ስለሆነ ለጊዜው ይጠብቀዋል።

በሩ ሲዘጋ ግን ምግብም ኦክስጅንም አይገባም። ልቡ ቀስ ብሎ ይመታል። በገላው ያጠራቀመውን ግላይኮጅን የሚባል ስንቅ ያለ ኦክስጅን ማቃጠል ይጀምራል። እንዲህ የተቃጠለ ስንቅ የሚሰጠው ጉልበት በጣም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ኦይስተሩ ሥራውን ሁሉ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ያወርዳል። ከዚህም ሌላ አሲድ በገላው ውስጥ ይጠራቀማል። አሲዱን የሚያበርደው ከገዛ ዛጎሉ ኖራ እያሟሟ ነው። ከረሃብ የተነሳ የቤቱን ግድግዳ እንደሚያፈርስ ሰው ቁጠሩት። አልፎ አልፎም ክዳኑን በጥቂቱ ከፍቶ ውሃውን ይፈትሻል፤ ካልተስማማው መልሶ ይዘጋል።

በዚህ ሁኔታ ስንት ጊዜ ይቆያል? መልሱ በሙቀት ላይ የተመሠረተ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ገላው ዝግ ብሎ ስለሚሠራ ስንቁ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይበቃዋል። ውሃው ከሞቀ ስንቁ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ በክረምት የመጣ ጎርፍና በሐምሌ ሙቀት የመጣ ጎርፍ፣ ውሃው እኩል ቢሆን እንኳ፣ ለኦይስተር አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው መከላከያ፦ ከውስጥ መለወጥ

በር መዝጋት ጊዜ ይገዛል እንጂ አያኖርም። ጨዉ ዝቅ ብሎ ከቆየ ኦይስተሩ ከፍቶ መብላት አለበት። ለዚህ ነው ሁለተኛው መከላከያ የሚያስፈልገው።

በባሕር የሚኖር የኦይስተር ሕዋስ ከውጪው ጨው ጋር ሚዛኑን የሚጠብቀው በጨው ብቻ አይደለም። ትልቁን ድርሻ የሚይዙት አሚኖ አሲድ የሚባሉትና የእነርሱ ዘመዶች የሆኑ ትንንሽ ንጥረ ነገሮች ናቸው። አሚኖ አሲድ ፕሮቲን የሚገነባበት ጡብ ነው። ከዘመዶቹ አንዱ ቶሪን ይባላል። ስሙን ወጣቶች ከሱቅ ገዝተው በሚጠጧቸው የኃይል መጠጦች ጣሳ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ግላይሲን፣ አላኒንና ፕሮሊን የሚባሉትም አሉ። እነዚህ ነገሮች ቢበዙም ቢያንሱም የሕዋሱን ሥራ እንደ ጨው አያውኩም፤ ስለዚህ ለሚዛን የተመቹ ናቸው።

ውሃው ጨው ሲያንሰውና ሕዋሱ ማበጥ ሲጀምር፣ በሽፋኑ ላይ ያሉ ቀዳዳዎች ተከፍተው ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች ከፊሉን ያስወጣሉ። ውስጡ ስለሚቀል ውሃም አብሮ ይወጣል፤ ሕዋሱም ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል። ይህ ሥራ በደቂቃዎች ቢጀመርም ገላው ሁሉ አዲሱን ልክ እስኪለምድ ድረስ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ጨዉ ተመልሶ ሲጨምር ደግሞ ሕዋሱ ይጨማደድና የጣለውን መልሶ መሥራት ይጀምራል። በመጀመሪያ በሰዓታት ውስጥ አላኒንን ያከማቻል፤ ቆይቶም ግላይሲንና ቶሪን ቀስ በቀስ ቦታውን ይይዛሉ።

ይህ ሁሉ በነጻ አይገኝም። የተጣለው አሚኖ አሲድ ሥጋና አካል ሊሆን የሚችል ነበር። መልሶ ለመሥራትም ምግብና ጉልበት ይጠይቃል። ውሃው በየጊዜው ከፍና ዝቅ የሚልበት ኦይስተር ይህንን ወጪ ደጋግሞ ይከፍላል፤ ስለዚህ ቢኖርም እንኳ እድገቱ ይዘገያል። ለውጡ ቀስ ብሎ ከመጣ ግን ወጪውን ይችለዋል። የሚገድለው ለውጡ ራሱ ሳይሆን ድንገተኛነቱ፣ የሚቆይበት ጊዜና አብሮት የሚመጣው ሙቀት ነው።

ትንሹ ከትልቁ የሚለይበት

ትንሽ እንስሳ ከትልቅ እንስሳ ይልቅ ለእያንዳንዱ ግራም ገላው ብዙ ጉልበት ያቃጥላል። ሕፃኑ ኦይስተር እንዲሁ ነው፤ ስንቁ ትንሽ፣ ፍጆታው ፈጣን። ዛጎሉ ስስ በመሆኑ አሲድ የሚያበርድበት ኖራም የለው፤ በክዳኑ መካከል የሚያስቀረው ጨዋማ ውሃም ጠብታ ያህል ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር ማደግ አለበት። ትልቅ ከሆነ ጠላቶቹ ዛጎሉን መስበር ይከብዳቸዋል፤ ትንሽ እንደሆነ ከቆየ ግን ሸርጣን በቀላሉ ይሰብረዋል። ስለዚህ ለጨው ሚዛን ያወጣው ጉልበት ሁሉ ከእድገቱ የተቀነሰ ነው፤ እድገቱ ሲዘገይም የሚሰጋበት ዘመን ይረዝማል።

ይሁን እንጂ ትንሹ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚሞተው እርሱ ነው ማለት አይደለም። ትልልቆቹ በበጋ እንቁላልና ዘር ለማውጣት ስንቃቸውን ስለሚያሟጥጡ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጎርፍ ደክመው ያገኛቸዋል። ለመራባት ያልደረሰው ወጣት ግን ይህ ወጪ ስለሌለበት ጥቂት ወራት ካለፉት አንዳንዴ ከትልቁ የተሻለ ይጸናል። በጣም የሚሰጋለት የሚዋኘው እጭና የተጣበቀ ጥቂት ቀናት ብቻ የሆነው ነው። እነርሱ ባለቁበት ዓመት ትልልቆቹ ቢተርፉም አንድ ትውልድ ጎደለ ማለት ነው።

የ2019 ጎርፍ

የሚሲሲፒ ወንዝ ከዋናው የአሜሪካ ምድር ከመቶ 40 ያህሉን ውሃ ሰብስቦ በሉዊዚያና በኩል ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። በ1927 ታላቅ ጎርፍ ብዙ አገር ካጠፋ በኋላ፣ የኒው ኦርሊንስን ከተማ ለማዳን ከከተማይቱ በላይ ቦኔ ካሬ የሚባል ማስተንፈሻ ተሠርቶ በ1931 ተጠናቀቀ። ወንዙ ከልክ በላይ ሲሞላ በሮቹ ተከፍተው ትርፉ ውሃ ወደ ፖንቻርትሬይን ሐይቅ፣ ከዚያም አልፎ የኦይስተር መደቦች ወዳሉበት ሚሲሲፒ ሳውንድ ወደሚባለው የባሕር ክፍል ይሄዳል።

በ2019 ይህ ማስተንፈሻ ከተሠራ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ተከፈተ። በመጀመሪያ ከፌብሩዋሪ 27 እስከ ኤፕሪል 11፣ ሁለተኛ ከሜይ 10 እስከ ጁላይ 27፤ በድምሩ 123 ቀናት ያህል። ከላይ ያላችሁትን አስቡ። የመጀመሪያው መከፈት ብርድ ሳለ ስለመጣ ኦይስተሩ በሩን ዘግቶ ስንቁን እየቆጠበ ሊያሳልፈው ይችል ነበር። ሁለተኛው ግን ስንቁ ካለቀ በኋላ፣ ውሃው በሚሞቅበትና እጮቹ በሚዋኙበት ወቅት መጣ፤ ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካም አልቆመም። በሚሲሲፒ ግዛት የነበረው ኦይስተር ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው አለቀ። በሴፕቴምበር 2019 የአሜሪካ መንግሥት በሉዊዚያና፣ በሚሲሲፒና በአላባማ የደረሰውን የዓሣ ሀብት አደጋ ብሎ አወጀ። ከተማይቱ ዳነች፤ የኦይስተር ሰብሳቢዎቹ ጀልባዎች ግን ወደብ ላይ ቆሙ።

ጨው ሲበዛስ?

እንዲህ ከሆነ የወንዝ ውሃ ጠላት ነው እንዳትሉ የተቃራኒውን ታሪክ ስሙ። በፍሎሪዳ ግዛት አፓላቺኮላ የሚባል ባሕረ ሰላጤ በኦይስተሩ ስሙ የታወቀ ነበር። በ2011 እና በ2012 ከባድ ድርቅ ሆነና ወደዚያ የሚፈስሰው ወንዝ ቀነሰ፤ የባሕሩም ጨው ከፍ አለ። ኦይስተሩ ጨዉን ይችለዋል። ያልቻለው ከጨዉ ጋር የመጡትን እንግዶች ነው። ዛጎል በስቶ ሥጋውን የሚመጥጥ ቀንድ አውጣ ጨው ሲጨምር ይጠጋል፤ ስስ ዛጎል ያለውን ወጣቱን አስቀድሞ ይበላል። ፐርኪንሰስ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስም በጨዋማና ሞቃት ውሃ ይበረታል፤ ለሰው ባይተላለፍም ኦይስተሩን አክስቶ ይገድለዋል። በ2012 የአፓላቺኮላ ምርት ወደቀ። በዲሴምበር 2020 ግዛቱ ኦይስተር መሰብሰብን እስከ አምስት ዓመት ድረስ ከለከለ። ፍሎሪዳ ጎረቤቷን ጆርጂያን የወንዙን ውሃ ከልክ በላይ ተጠቅማለች ብላ ብትከስም፣ በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክሱን አልተቀበለም።

እንግዲህ ጨዉ ለተወሰነ ጊዜ ዝቅ ማለቱ ለወጣቱ ኦይስተር መድኃኒትም ነው። ቀንድ አውጣውና ተሕዋሱ ጨዉ ሲያንስ ወይ ይሸሻሉ ወይ ይደክማሉ፤ እርሱ ግን ይጠብቃል። አጭር ጎርፍ ጠላቶቹን ያባርርለታል፤ ረጅም ጎርፍ እርሱንም ይገድለዋል።

ሰዎች ምን ያደርጋሉ?

በአሜሪካ ጠረፍ ያሉ አርቢዎች እጩን በገንዳ አሳድገው በዛጎል ላይ ካጣበቁ በኋላ ወደ ባሕር ያወጡታል። ውሃው ከገንዳው የተለየ ጨው ካለው በአንድ ጊዜ አይከትቱትም፤ የገንዳውን ጨው በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ እየለወጡ ሕዋሱ አሚኖ አሲዱን እንዲያስተካክል ጊዜ ይሰጡታል። ተመራማሪዎችም ዝቅተኛ ጨው የሚችሉ ወላጆችን እየመረጡ ለማዳቀል ይሞክራሉ። ሌሎች ደግሞ ከምግብ ቤት የተሰበሰበ ባዶ ዛጎል መልሰው ወደ ባሕር ይጥላሉ፤ የሚዋኘው እጭ የሚጣበቅበት እንዲያገኝ ነው።

ክርክሩ ግን አላበቃም። ሉዊዚያና ከ1930ዎቹ ወዲህ ወደ 5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን የጠረፍ መሬት በባሕር ተወስዶባታል። መሬቱን በወንዙ ደለል መልሶ ለመገንባት፣ ሚሲሲፒን በቦይ ወደ ባራታሪያ ባሕረ ሰላጤ የሚያስገባ ታላቅ ሥራ በ2023 ተጀመረ። ደለሉ የሚመጣው ከወንዝ ውሃ ጋር ስለሆነ የኦይስተር ሰብሳቢዎች መደባችን ይጠፋል ብለው ተቃወሙ። የወጪው መብዛትም ታክሎበት በ2025 ሥራው ተሰረዘ። አንዱ ወገን ከእግሩ ሥር ያለው ምድር ነው የሚያሳስበው፤ ሌላው የቤተሰቡ እንጀራ። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት

የተነገረውን በዓይናችሁ ለማየት ባሕር ማዶ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ሁለት ብርጭቆ ውሃ አቅርቡ። በአንዱ ውስጥ ሦስት የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙ፤ ሌላውን እንዲሁ ተዉት። አንድ ድንች ልጣችሁ እንደ ጣት ቀጠን ያሉ ሁለት እኩል ቁራጮች ቁረጡና በየብርጭቆው አንዳንድ ክተቱ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ልጆቹ አውጥተው እጥፍ ለማድረግ ይሞክሩ። ከጨው አልባው ውሃ የወጣው ውሃ ጠጥቶ ደረቅ ብሏል፤ ቢታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ከጨዉ የወጣው ውሃውን አጥቶ ልፍስፍስ ብሏል። ድንቹ የሚዘጋው ክዳን የለውም፤ የሚጥለውና መልሶ የሚያከማቸው ሚዛንም የለውም።

ከዚያ በኋላ በመስኮቱ ደፍ ላይ ያለውን ዛጎል አንሱና ውስጠኛውን ገጽ ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጉት። ከሌላው ገጽ ለየት ያለ ክብ ምልክት ታያላችሁ። በብዙዎቹ ላይ ሁለት ነው፤ በኦይስተር ላይ አንድ ብቻ። ጡንቻው ተጣብቆበት የነበረው ቦታ ይህ ነው፤ እንስሳው በክፉ ቀን በሩን ይዞ የሚጠብቀው በዚህ ነበር። ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው።